የሚዳቋ ሦስት ጉርሻ

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት እንደ ሰው አገር ለአገር በሚማከሩበት ዘመን፣ ሁለት ጎረቤት አገሮች ነበሩ። አንዱ የገደል አገር ነው፤ ዝንጀሮዎች ይኖሩበታል። ሌላው የሜዳ አገር ነው፤ ሚዳቋዎች ይኖሩበታል።

ዝንጀሮ ዓይኑ ሩቅ ያያል፣ ጉልበትም አለው፣ ግን ክብር ይወዳል። ሚዳቋ አፍንጫዋ ያሸታል፣ እግሯም ፈጣን ነው፣ ግን ይሉኝታ ያጠቃታል። ይሉኝታን ታውቁታላችሁ አይደል ልጆቼ? "ሰው ምን ይለኛል" እያሉ መሳቀቅ ነው።

የሁለቱም ጠላት ግን አንድ ነበር፤ አያ ነብሮ።

ስለዚህ ተገናኙና ቃል ተገባቡ። "እኛ ከላይ እናያለን፣ እናንተ ከታች አሽትቱ" አለ አያ ዝንጀሮ፣ የገደሉ ንጉሥ። "ነብር ሲመጣባችሁ መልክተኛ ላኩ። ከነሠራዊቴ እወርዳለሁ።"

"ተመስገን!" አሉ ሚዳቋዎቹ። "እንግዲህ ልጆቻችን በሰላም ያድጉልናል።"

መሐላው እውነተኛ ነበር። በልቡ የዋሸ ማንም አልነበረም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በመሐላው ግብዣ ላይ ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ሥራ አይወድም፣ ሆዱን ግን ይወዳል። ከእንግዶቹ አፍ የሚንጠባጠበውን የሾላ ፍሬ እየለቀመ ጠገበ። "ይህ ወዳጅነት የመጣው ለእኔ ነው" አለ በልቡ።

ከዚያ ወደ ንጉሡ ጠጋ አለና፣ "ጌታዬ፣ የወዳጅ አገር መልክተኛ እንደ ተራ መንገደኛ ዘው ብሎ ሊገባ ነው? እኔን አጋፋሪ ያድርጉኝ። እንግዳ እቀበላለሁ፣ እግር አጥባለሁ፣ አስተናግዳለሁ" አለው።

ንጉሡ ክብር ይወዳል ብያችሁ የለ? ሾመው። ሥርዓትም ወጣ፤ መልክተኛ ሳይጎርስ ጉዳዩን አይናገርም ተባለ።

አንድ ቀን አንዲት ሚዳቋ ነብር ሸተታት። ሮጣ ገደሉ ላይ ደረሰች። ቀበሮ እግሯን አጠበ፣ ንጉሡ አጎረሳት፣ ከዚያ ተናገረች። ዝንጀሮዎቹ ሲወርዱ ነብር በራሱ መንገድ ሄዷል። "እግዜር አወጣን!" ብለው ተመለሱ።

ሌላ ቀን ሌላ ሚዳቋ መጣች። እግሯ ታጠበ፣ ጎረሰች፣ ተናገረች። ሲወርዱ ነብር የአንድ ሽማግሌ ሚዳቋ ጭን ቧጭሮ አምልጧል። ሽማግሌው አልሞተም። "እግዜር አወጣን!" አሉ አሁንም።

አያችሁ፣ ፈጣሪ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቃቸው። እነሱ ግን ምሕረቱን እንደ ልማድ ቆጠሩት።

በሦስተኛው እመት ሚዳቋ መጣች። እመት ሚዳቋ አንድ ግልገል ብቻ ነበረቻት፣ ገና የምትጠባ። ቁጥቋጦ ሥር አስተኝታት ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ፣ ነብር ከማዶ ሸተታት። ግልገሏ ገና መሮጥ አትችልም። ምን ታድርግ? ቃል ኪዳኑን አምና ወደ ገደሉ በረረች።

ቀበሮ በሩ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ምነው ጭልፊት እንዳባረራት ዶሮ እንዲህ ያለከልካሉ?"

"አጋፋሪ፣ አስገባኝ፤ ቸኩያለሁ!"

"መቸኮልማ የሜዳ ልማድ ነው። እዚህ ቤተ መንግሥት ነው። እግርዎን ወዲህ።"

አጠባት፣ ቀስ እያለ፣ አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ ሦስት እግር፣ አራት እግር። ከዚያ አስገባት።

አያ ዝንጀሮ ሲያያት ደስ አለው። ትልቅ የበሰለ ሾላ መርጦ፣ "በሞቴ፣ ከእጄ!" አላት።

"ጌታዬ፣ ግልገሌ..." አለች።

"ነውር ነው!" አለ ቀበሮ በጆሮዋ። "ሳይጎርሱ? የሚዳቋ ዘር ሁሉ ባለጌ ይባል?"

ፈራች። ጎረሰች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አለ ቀበሮ ጮክ ብሎ።

"እውነትህን ነው" አለ ንጉሡ፣ ሁለተኛ አነሣ። እመት ሚዳቋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ንጉሡ የደስታ እንባ መሰለው። ጎረሰች።

"ሁለት ጉርሻ ያቀራርባል፣ ሦስት ግን ያፋቅራል!" አለ ቀበሮ።

ሦስተኛውን እያላመጠች፣ "ነብር! ልጄ!" አለች።

ንጉሡ ሾላውን ጥሎ ተነሣ። ጮኸ። ገደሉ በሙሉ ጮኸ። ሠራዊቱ እንደ ናዳ ወረደ፤ እንዲያ ወርዶ አያውቅም።

ቁጥቋጦው ሥር ማንም የለም። አያ ዝንጀሮ ግልገሏ የተኛችበትን ሣር በእጁ ዳሰሰው። ሣሩ ገና ይሞቃል።

ብዙ አልዘገዩም፣ ልጆቼ። የሦስት ጉርሻ ያህል ነው የዘገዩት።

"ምነው እንደገባሽ በነገርሽኝ?" አለ ንጉሡ።

"ሳልጎርስ ብናገር ባለጌ እባላለሁ ብዬ" አለች። "አንተስ ምነው 'ምን ሆንሽ' ባልከኝ?"

"ሳላጎርስ ብጠይቅ ንፉግ እባላለሁ ብዬ።"



ወደ ገደሉ ሲመለሱ ቀበሮ የወደቀውን ሾላ ይለቅማል። "አሁንስ ሌላ እንግዳ የለም?" አለ ቀና ብሎ። ዝንጀሮዎቹ ተንጫጭተው ጅራቱን ነከሱት፣ ከገደሉም አባረሩት። ያን ቀን የተባረረ ቀበሮ እስከ ዛሬ ብቻውን ዳር ዳሩን ይዞራል።

ንጉሡ ግን አልተጽናናም። "ቀበሮን አባረርን፤ ሥርዓቱን ያጸደቅሁት ግን እኔ ነኝ" አለ። አዲስ ሕግም አወጣ፤ መልክተኛ ከበር ላይ ቆሞ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ መጀመሪያ ጭንቀቱን ይናገር። ሾላው በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ ዝንጀሮ ሲጮህ ሚዳቋ አትጠይቅም፣ ትሮጣለች። ሚዳቋ ስትደነግጥ ዝንጀሮ አይጠይቅም፣ ይወርዳል። አዲሱ ሕግ ብዙ ግልገል አዳነ። ያችን አንዷን ግን አላዳነም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጎረቤት ስትቀበሉ በደንብ አብሉ፤ ማብላት በረከት ነው። ፊቱ የተጨነቀ ከሆነ ግን መጀመሪያ "ምን ሆንክ?" በሉት። እናንተም ስትጨነቁ ለይሉኝታ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ወዳጅነት የሚታወቀው ባቀረበው ማዕድ ሳይሆን በደረሰበት ሰዓት ነው።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እግዚአብሔር ለእናንተ በሰዓቱ የሚደርስ ጎረቤት ይስጣችሁ።