አያ ጅቦ የወደደው ሽታ

አንድ ጊዜ፣ አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ቆላ ተስማምተው በኖሩበት ዘመን፣ የአንበሳ ግቢ መብራት የሚበራው ከተራራው ሥር በብረት ቧንቧ በሚመጣ ነዳጅ ነበር። የቧንቧው ጠባቂ አያ ጅቦ ነው። ሹመቱን ወዶታል፤ ነዳጅ በወረደ ቀን ሁሉ ሙዳ ሥጋ ይቆረጥለታላ! ሚስቱና ልጆቹም ቧንቧው በሚያልፍበት ሸለቆ፣ ከኩሬው ዳር ይኖሩ ነበር።

ጽዳቱ የአህያ ሥራ ነው። በየጊዜው ነዳጁን አስቁማ ቧንቧው ውስጥ ትልቅ ብሩሽ ትሰዳለች፣ ከነዳጁ ጋር ገብቶ ሥሩ የተኛውን ውሃ ታፈሳለች፣ መድኃኒት ትጨምራለች። ታዲያ በጽዳት ቀን ሥጋ የለም።

አንድ ቀን አህያ እያለከለከች መጣች። «አያ ጅቦ፣ በሸለቆው በኩል ቧንቧው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በተኛው ውሃ ውስጥ ተራብተዋል ማለት ነው። ብረቱን በልተው ሳይጨርሱት ዛሬውኑ እናጽዳው!»

ጅቦ ሄዶ አሸተተ። ምራቁ መጣ። «ምነው አንቺ! እንዲህ ያለ መዓዛ ይጠረጋል እንዴ?»

የጅቦን ፍርፋሪ ለቃሚው ቀበሮም ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ አለ። «እውነትዎን ነው ጌታዬ! ዓይን የማያየው ጥርስ ብረት ሲበላ የት ታየ?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማችሁም?» አለች አህያ።

«ሳልበላሽ ሂጂልኝ!» አለ ጅቦ።

ምን ታድርግ፣ ሄደች። ጅቦም ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን እያሸተተ፣ ሥጋውን እየዋጠ ክረምቱን አሳለፈ።

አንድ ማለዳ ሚስቱ ጮኸች። «ኧረ ድረስ! ኩሬው ጠቆረ!»

ሲደርስ የቧንቧው ሆድ ተበሳስቶ ነዳጁ ይንዠቀዠቃል። በመዳፉ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን በሌላው ይፈሳል። ቀበሮን ቢጣራ፣ ጭራው ብቻ ከጉብታው ማዶ ታየ።

«ልጆቼን ምን ላጠጣ?» አለች ሚስቱ። ውሃ ፍለጋ ይዛቸው ወጣች።

ትንሹ ዞር አለ። «አባዬ፣ አንተ አትመጣም?»

«ኩሬውን ሳላጠራ በምን ዓይኔ ልከተላችሁ ልጄ?»

አህያ ነዳጁን ከላይ አስቁማ፣ ብሩሿን ተሸክማ ደረሰች። «ወይኔ! ያኔ ሰምቼሽ ቢሆን!» አላት እያለቀሰ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር፤ ዛሬ ዘግይቶ የጮኸው ጅቡ ራሱ ሆነ» አለችና አብራው ጥቁሩን ጭቃ ትዝቅ ጀመር። ያ የሚወደው ሽታ አሁንም ከቧንቧው ይወጣል፤ ጅቦ ግን አፍንጫውን ያዘ።

ከዚህ የምንማረው የጥፋትን ምልክት ስለጣመን ብቻ እንደ በጎ ነገር ብንይዘው፣ በኋላ የምናፈሰው እንባ ቀዳዳ እንደማይደፍን ነው።