ስሙ ያልተሞላለት ቀዛፊ

ዋሽቼሽ ከሆነ ውዬ አልደር፣ ብርቄ! ከምነግርሽ ውስጥ አንዲት ቃል የፈጠርኩ እንደሆነ ይቺን ነፍሴን አይማራት። «በልብ ወለዴ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ስሙን አራት ጊዜ ለወጥኩለት፤ ቀድጄ ልጣለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መቅደዱን ተዪውና ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው በብራና መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያ መጽሐፍ ሦስት መቶ ፍየል የታረደለት፣ ሲገለጥ ነፋሱ የጎረቤት ክዳን የሚያነሣ መጽሐፍ ነበር። ሰውየው በዚያ ውስጥ በደንገል ታንኳ ሰው ከሐይቁ ዳር ወደ ዳር ያሻግራል።

የብራና ጸሐፊ ደግሞ ልማድ አለው። መጀመሪያ በጥቁር ቀለም ይጽፍና የከበረ ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተዋል፤ በኋላ ቀዩን ቀለም በጥብጦ ይሞላዋል። የቀዛፊውን ግን ዘነጋው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሊጠራው አፉን ይከፍትና ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደተከፈተ ይቀራል። አንዷ ሸክላ ሠሪ እንደዚህ አፏን ከፍታ ሦስት ዝንብ ገብቶባታል።

ቀዛፊው ይህ ነገር እያደር ከነከነው። መቅዘፊያውን አስቀመጠና ከገጽ ወደ ገጽ እየተሻገረ፣ ስሙ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ ባለጠጋ ዘንድ ደረሰ። ባለጠጋው በመጽሐፉ ውስጥ ሥራው ሦስት ነው፦ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

«ጌታዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለው።

ባለጠጋው ባዶ ቦታውን ከላይ እስከ ታች አየለትና፣ «ምንም ነህ! መጽሐፉ ሲዘጋ ስም ያለው ይቀራል፣ ስም የሌለው በገጹ መካከል ካለው ትኋን ጋራ ተጨፍልቆ ይጠፋል» አለው። ይህን ብሎ ምሳውን በላና ተኛ።

ቀዛፊው ፍርሃት ያዘው። የመጨረሻው ገጽ ቀርቧል። ባለጠጋው ሲያንኮራፋ ጠበቀና ቀዩን ስም በጥፍሩ ፍቆ አነሣው፤ በራሱ ባዶ ቦታ ላይም ለጠፈው። ልክክ አለ!

ከዚያ በኋላማ ያየው ሁሉ ጎንበስ ይልለት ጀመር። እሱም ስሙ እንደሚያዘው ከዋርካ ሥር ተቀመጠ። ምግብ መጣለት፤ በላ። ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍም መጣ። ዳሩ ግን መዳፉ እንቢ አለው። መቅዘፊያ የለመደ መዳፍ ነውና ይበላዋል። አንዱን እጁን በአንዱ ላይ እያፋተገ ቢቀመጥ አልተወውም።

በዚህ መካከል የማዕበሉ ገጽ ደረሰ። ሐይቁ ተነሣ። ያቺ ሸክላ ሠሪ እንስራዎቿን ጭና ቀዛፊ ስትጠብቅ ታንኳው ገመዱ ተበጥሶ ይዟት ሄደ። ከታች ደግሞ ቤት የሚያህል ጉማሬ አፉን ከፍቶ ይከተላታል። በዳር ያሉት ሰዎች ወደ ዋርካው ሮጡና፣

«ጌታዬ፣ ያ ቀዛፊ ወዴት ገባ? ሴቲቱ አለቀችኮ!» አሉ።

«እኔ...» ብሎ መዳፉን ያፋትግ ጀመር። ተነሥቶ ቢሄድ ስሙ አይከተለውም፤ የተጻፈው ለሚቀመጥ ሰው ነውና። ስሙን ትቶ ቢሄድ ደግሞ መጽሐፉ ሲዘጋ መጥፋቱ ነው። ታንኳው ተገለበጠ፤ ሴቲቱ አንድ ጊዜ ብቅ አለች፤ እንደገና ሰመጠች።

ቀዛፊው ቀዩን ስም ከላዩ ገንጥሎ ጣለና ሐይቁ ውስጥ ገባ። ስሙ የወደቀበት ውኃ ሰባት ቀን ቀልቶ ሰነበተ። ሴቲቱን ከነታንኳው ጎትቶ አወጣት፤ እንስራ አንድ ብቻ ተሰበረ።

እሷም ውኃውን ተፍታ፣ «ወየው፣ የት ጠፍተህ ኖሯል? ያ ሰነፍ ባለጠጋ ከዋርካው ሥር ሲቀመጥ እንጂ አንተን አላየሁምና ቀዛፊያችን የሞተ መስሎኝ አለቀስኩ!» አለችው።

«ስሜን ሳታውቂ በምን ለየሽኝ?»

«አያ ሞኝ! ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስታሻግረኝ ኖረህ የለም እንዴ? አሁንስ በፀጉሬ ስትጎትተኝ እጅህ ይጠፋኛል?»

ሰውየው መዳፉን ገልጦ አየ። ከዚያች ቀን በኋላ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ተከፈተ፤ ሲከፈት ግን እሱ እየቀዘፈ ነው የሚገኘው። ባለጠጋው ሲነቃ ስሙን አጥቶ ሲያለቅስ ቀዛፊው አገኘውና፣ «ና ግባ፣ ይኸውልህ መቅዘፊያ፤ ምናልባት አንተም ትገኝ ይሆናል» አለው። ባለጠጋው እየቀዘፈ ነው ይላሉ፤ ለጊዜው ግን ታንኳውን በክብ ያዞረዋል።

እንግዲህ ብርቄ፣ ያ ሰውሽም እንዲሁ ነው። ዋርካ ሥር አስቀምጠሽ «ማን ነህ?» እያልሽ ብትጠይቂው ምን ብሎ ይመልስልሽ? አምስተኛ ስም አትፈልጊለት። የሚወደውን ሰው ውኃ ላይ ጣይና እጁ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ፤ የዚያን ጊዜ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እሱም ራሱን ያውቃል። አንቺስ ብትሆኚ? «እኔ ጸሐፊ ነኝ ወይስ አይደለሁም» እያልሽ ዓመት ሙሉ ስትብሰለሰዪ፣ ያ ጣትሽ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። ሂጂ ጻፊ።

የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው። ጉማሬውን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኩት።