ከጨርቁ ላይ የቀረው ብር

አንድ ሰው ነበረ። በየማለዳው ቁርሱን ሳይቀምስ መሣሪያውን የሚወለውል ሰው።

ምእመናን፣ ይህ ሰው ሙዚቀኛ ነው። በአንድ የሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ፣ በትንፋሹ የሚተዳደር ሰው። የሚነፋው መሣሪያ ዩፎኒየም ይባላል። ስሙን ባታውቁት እንኳ በሰልፍ ላይ አይታችሁታል። ከትራምፔት ይተልቃል፣ ከቱባ ያንሳል፤ እንደ ሕፃን ደረት ላይ ታቅፈው ነው የሚነፉት። ትራምፔቶቹ ከላይ ሲጮኹ፣ ቱባው ከታች ሲያጉረመርም፣ መካከሉን የሚሞላው እርሱ ነው። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም። ሲጎድል ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ሰውየውን ላቀው እንበለው።

የላቀው ዩፎኒየም ብር ልብጥ ነበር። ሥጋው ናስ፣ ላዩ ብር። የጓደኞቹ መሣሪያ ቢጫ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ የእርሱ ብቻ ነጭ፣ ፊት የሚያሳይ። በሰልፍ ቀን ፀሐይ ስታርፍበት ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ዓይኑን በእጁ ይጋርዳል። ፎቶ አንሺው ሁሉ መጀመሪያ ወደ እርሱ ይዞራል። አንድ ዓመት የባንዱ ካላንደር ሲታተም፣ ሽፋኑ ላይ የወጣው የላቀው መሣሪያ ነው፤ ላቀው ራሱ ከጀርባው በግማሽ ፊቱ ይታያል።

እንግዲህ ሰው እንዲህ መታየት ሲጀምር ምን ይሆናል? መታየቱን መጠበቅ ይጀምራል።

ላቀውም ጠበቀ። ጠዋት በመወልወያ ቅባት፣ ማታ በደረቅ ጨርቅ። የጫማውን ክር እስኪያስር እንኳ ለጓደኛው «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ አይሰጥም። ለልምምድ ካልሆነ ጓንት ሳያጠልቅ አይነካውም። ዝናብ ያረገዘ ደመና ካየ ወገቡን ያመዋል፣ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ባንዱ ለምዶታል። «የላቀው ብር ክረምት አይወድም» እያሉ ይስቁበታል፤ እርሱም አብሮ ይስቃል።

በዚያ ባንድ ውስጥ ባሻ ወርዶፋ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከበሮ መቺ። ላቀው ገና ሲቀጠር፣ እየነፉ መራመድ አቅቶት እግሩ ሲተሳሰር፣ ሌላው ሲስቅበት እርሳቸው ናቸው ጎናቸው አቁመው ያስተማሩት። «እግርህን አትይ፤ እኔን ስማ» ይሉት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ብቻ። ኋላ ጡረታ ወጡ። ልጃቸው ጥላዬ ግን በዚያው ባንድ ትሮምቦን ይነፋል፤ ከላቀው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆሙት።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጥላዬ ላቀው ቤት መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አባዬ ዐረፈ» አለ። «ዛሬ ጠዋት።»

«ባሻ? አይ፣ አይ…»

«ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሩ። የባንዱ ልጆች በሙሉ ይመጣሉ፤ አዛዡም ፈቅዷል። አንድ ነገር ግን አደራ ብሎኛል። ‹አስከሬኔ ሲወጣ ላቀው መካከሉን ይያዝልኝ› ነው ያለው።»

ላቀው በመስኮት ሰማዩን አየ። ጠቁሯል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ትልቅ ሰልፍ አለ፤ እንግዶች አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ። ለዚያ ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲወለውል ከርሟል።

«ጥላዬ፣ ወንድሜ፣ እኔማ እመጣለሁ» አለ። «ግን ይህ ዝናብ…»

«ዝናቡ ምን?»

«ብሩን ያበላሽብኛል። አንዴ ካጠቆረው ለሰልፉ አይደርስልኝም። ሌላ መሣሪያ ብታገኙልኝ ደስ ብሎኝ ነው የምነፋው።»

«በባንዱ ውስጥ ሌላ ዩፎኒየም አለ?»

አልነበረም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ጥላዬ አልተቆጣም። «እሺ» ብሎ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ላቀው እስከ በር ሸኘው። ምእመናን፣ እስከ በር ሸኘው! ጨዋነቱ አልጎደለም።

በማግስቱ ዘነበ። ላቀው ቀብር ሄደ። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጥላ ይዞ። ጓደኞቹ ውኃው ከኮፍያቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ መሣሪያቸው እየረጠበ፣ የሐዘኑን ማርሽ ጀመሩ። ላቀው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አዳመጠ። ትራምፔቱ አለ፣ ቱባው አለ። መካከሉ የለም። ዜማው የፊት ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ሆነ።

ይኼኔ ጥላዬ ከአባቱ አስከሬን አጠገብ ወጣ። ትሮምቦኑን ከመያዣው አወጣ። ተሰልፎ፣ የጎደለውን ድምፅ እርሱ ሊሞላ ሞከረ። አራት እርምጃ ያህል ነፋ፤ ከዚያ ትንፋሹ ወደ ልቅሶ ተለወጠበትና አቆመ። ማርሹም እንዲሁ እንደ ጎደለ አለቀ።

ላቀው ጥላውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

ሰልፉስ? ሰልፉ ደረሰ። ፀሐይ ወጣች። መሣሪያው አበራ። ግን አንዱ ካሜራ የያዘ ሰው ጠጋ ብሎ አየና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ ጋ ቢጫ ነገር ነክቶታል» አለው። ላቀው ደነገጠ። በእጅጌው ጠረገው፤ አልለቀቀም። ቤቱ ገብቶ በቅባት አሸው፤ ሰፋ። በማግስቱ አሸው፤ ሁለት ሆነ። መስከረምና ጥቅምትን ሲያሽ ከረመ፤ ቢጫው አፉን ዞሮ ወደ ሆዱ ወረደ።

በኅዳር ኮልፌ ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ይዞት ሄደ። ጋሽ ኑርሁሴን ይባላሉ፤ የነሐስና የናስ ዕቃ ሲያቀኑ ያረጁ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት።

«እድፉን ያነሡልኝ» አለ ላቀው።

«እድፍ አይደለም፣ ልጄ። ናሱ ነው። ብሩ አልቋል።»

«እንዴት ያልቃል? ዝናብ አላስነካሁት፣ ሰው አላስነካሁት! በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምወለውለው!»

«መወልወያ ጨርቅህን ይዘኸዋል?»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ጨርቁ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ይኸ ጥቁር ምን ይመስልሃል?»

«ቆሻሻ ነዋ።»

«ብሩ ነው» አሉ። «ብር አየር ሲመታው ይጠቁራል፤ ስታሸው የጠቆረውን ገፈህ ታነሣለህ። ከሥሩ ሌላ ይወጣል። እርሱንም ታሸዋለህ። ልብጥ ደግሞ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ስንት ዓመት አሸኸው?»

«ሃያ ሁለት።»

«እንግዲያው ሃያ ሁለት ዓመት ብርህን እየጠረግህ ስትጥል ኖረሃል።»

ላቀው ጨርቁን ተቀብሎ አገላበጠው። «ዝናብስ?» አለ። «ዝናብ ቢነካው ኖሮ?»

ሽማግሌው አጠገባቸው የነበረውን የውኃ ማንቆርቆሪያ አንሥተው፣ ብሩ ገና ባልተነካበት በኩል፣ መሣሪያው ላይ ቁልቁል አፈሰሱበት። ላቀው ከመቀመጫው ተነሣ። እርሳቸው በንጹሕ ጨርቅ አደረቁትና ወደ ብርሃኑ አዞሩለት። ምንም አልሆነም። እንደ ነበረው ነጭ።

«እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። «ታደርቀዋለህ፣ ታስቀምጠዋለህ። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«አንድ ቀን ዝናብ ላይ ንፋ ብለውኝ ነበር» አለ ላቀው።

«ነፋህ?»

ላቀው ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እርሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁትም። «እንደገና ልለብጥልህ እችላለሁ፤ እዚሁ ተወውና ሂድ» ቢሉት፣ «ይቆይ፣ አሁን አይደለም» አለ። መሣሪያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ ባሻ ወርዶፋ ቤት ነው የሄደው።

በሩን የከፈተው ጥላዬ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ በሥራ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር።

«ምነው በሰላም?» አለ ጥላዬ።

«አደራውን ላደርስ መጣሁ። ባሻ ያሉትን…»

«ላቀው፣ አባቴ ስንት ጊዜ ይቀበራል?»

ምእመናን፣ ለዚህ ምን መልስ አለው?  ላቀው ደጃፉ ላይ ቆመ።  ሊመለስ ዞረ።

ከውስጥ የእትዬ አስካለ፣ የባሻ ባለቤት ድምፅ መጣ። «ማነው? ለቅሶ የመጣ ሰው እንዴት በር ላይ ይቆማል? አስገባው እንጂ!»

ገባ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡትን ሴትዮ ጉልበታቸውን ሳመ። እርሳቸውም የታቀፈውን አዩና፣ «እርሱ ሲሰማው የሚወደውን እስቲ ንፋልኝ» አሉት። ጥላዬ ይህን ሲሰማ ወደ ግቢው ወጣ፤ ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ።

ላቀው ተነሥቶ የሐዘኑን ማርሽ ነፋ። ጓንት አላጠለቀም። ብቻውን የሚነፋ መካከል ደግሞ ባዶ ነው፤ ከላይ ትራምፔት የለ፣ ከታች ቱባ የለ። በሁለተኛው ዙር ተሰነካከለ፤ ቢሆንም ጨረሰው። እትዬ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ነፍሱን ይማር» አሉ።

ሲወጣ ጥላዬ እዚያው አጥሩ ሥር ነበር። ዞረና መሣሪያውን አየው፤ ቢጫውን፣ የተራቆተውን። ስለ እርሱ አንድም ቃል አልተናገረም።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሽህ አጠረ» አለ።

«አዎ። አጠረ።»

«ነገ ልምምድ ላይ እናየዋለን።»

ይኸው ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። ተቃቅፈውም አላለቀሱም። ጠዋት ግን ልምምድ ላይ ሁለተኛውን ዙር አብረው ነፉት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ስድስት ጊዜ።

ላቀው መሣሪያውን ዳግመኛ አላስለበጠውም። እጁ በሚያርፍበት ሁሉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ፎቶ አንሺዎቹም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

«እኛ ሙዚቀኞች አይደለን፤ ይህ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ልጠይቃችሁ። ሳሎናችሁ ውስጥ ላስቲኩ ያልተነሣ ሶፋ የለም? የታመመ ጎረቤት እያለ፣ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናዬ ትቆሽሻለች» ያላችሁበት ቀን የለም? ወንድማችሁ ታስሮ፣ «እዚያ ደጃፍ ብታይ ስሜ ይጠፋል» ብላችሁ አልቀራችሁም? ስማችሁን ስትወለውሉ፣ ክብራችሁን ስትወለውሉ፣ ጾማችሁንና ጸሎታችሁን ሳይቀር ሰው እንዲያይላችሁ ስትወለውሉ፣ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው?

እኔንም አታስቀሩኝ። ይህን ስብከት ትናንት ሳዘጋጀው፣ ስለ ላቀው ካሰብሁት ይልቅ «ምን ይሉኝ ይሆን» ብዬ ያሰብሁት ይበልጣል። አያችሁ? እዚህ አትሮንስ ላይ ቆሜም እወለውላለሁ።

እግዚአብሔር ትንፋሽ የሰጠን ልንነፋ ነው። ፍቅር የሰጠን ልናወጣው ነው። ያላወጣነው ተቀምጦ አይጠብቀንም። እንሳሳለታለን፣ እንጠርገዋለን፣ ያልቃል። ለሰው ብለን ያወጣነውም ያልቃል፤ መሣሪያ ነውና ያረጃል። ታዲያ ማለቁ ካልቀረ በማን ደጅ ይለቅ?

መልሱን ከእኔ አትጠብቁ። አሁን ይህን ስናገር ከመካከላችሁ አንዳንዱ አንድ ሰው ትዝ ብሎታል። ጠርቷችሁ ያልሄዳችሁለት ሰው። ፊቱ መጥቶባችኋል፤ ቤቱንም ታውቁታላችሁ። ከዚህ እንደ ወጣችሁ መንገዳችሁ በዚያ ይሁን። በሩ ሲከፈት የምትሉት ቢጠፋችሁም፣ ቁሙ።