በባዶ እጇ የመጣችው ሴት

አንድ ልብስ ሰፊ በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ስንሻው ይባላል። ከሚስቱ ከውድነሽ ጋር ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲለምኑ ቆይተው ትርሲትን አገኙ። ልጅቱ ሦስት ዓመት ሲሞላት መድከም ጀመረች። ከመደብ እስከ ደጃፍ ተራምዳ ቁጭ ትላለች። ስትስቅ ከንፈሯ ይጠቁራል። ስለዚህ አባትና እናት ማንም ወላጅ ሊማረው የማይገባ ነገር ተማሩ፤ ልጃቸው እንዳትስቅ መጠንቀቅን።

ሐኪሙ ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ነገራቸው። "በቀዶ ጥገና ይደፈናል። ግን ዓመት ሳይሞላ ቢደረግላት ይሻላል" አላቸው። ለሕክምናው የሚጠየቀው ገንዘብ ስንሻው አምስት ዓመት ሰፍቶ የማያገኘው ነበር። ላሚቱን ሸጡ። የውድነሽን ቀለበት ሸጡ። የስፌት መኪናውን ሊሸጥ ሲነሣ ሚስቱ ክንዱን ይዛ፣ "እሱን ከሸጥከውስ ልጅቱን ምን እናበላታለን?" አለችው።

ከዚያ በኋላ ስንሻው ሰው መጠየቅ ጀመረ። የልጁን ፎቶግራፍና የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። በመጀመሪያው ወር ሰው እንደ አቅሙ ሰጠ። በሁለተኛው ወር ግን የሰጠው ሰው ሁሉ ደግሞ የሚሰጠው አልቀረውም፤ ሕመሙ ደግሞ እዚያው ነው። እህል ነጋዴው ፎቶግራፉን አይቶ ከንፈሩን መጠጠና "እግዜር ይማራት፤ ዘንድሮ ገበያው እንዴት እንደሆነ መቼም ታውቀዋለህ" ብሎ ወደ ሚዛኑ ዞረ።

ቀስ በቀስ ሰው ከስንሻው መሸሽ ጀመረ። አንድ የገበያ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ከሩቅ አየውና መንገድ ተሻገረ። የለበሰው ኮት ስንሻው ራሱ የሰፋለት ነበር። ውድነሽ ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ተራ ይለቁላታል፤ ቶሎ ቀድታ እንድትሄድላቸው ነው። ቡና ጠጡ የሚላቸው ጠፋ። በአጥራቸው በኩል የሚያልፍ ሰው እርምጃው ሲፈጥን ከውስጥ ሆነው ይሰሙታል።

"ስንሻው፣" አለች አንድ ቀን ውድነሽ፣ "ሞተን ነው እንዴ? ለሞተ እንኳ ሰው ድንኳን ይጥላል።"

እሱም ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

በአራተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የመጣችው እትዬ አመለወርቅ ናት፤ በርበሬና ሽሮ እየቸረቸረች የምትኖር መበለት። ገና ከደጃፉ ሆና፣ "ምንም አልያዝኩም" አለች። "ዛሬ ገበያው አልቀናኝም። ታዲያ እጄ ባዶ ነው ብዬ እግሬን ልከልክላችሁ?"

ገባች። ሐኪሙ ምን አለ፣ ስንት ጎደላችሁ ብላ አልጠየቀችም። ትርሲትን ከእናቷ ጭን ተቀብላ ታቅፋ ተቀመጠች። ውድነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ጥቂት ስታያቸው ቆየችና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከአራት ወር ወዲህ ልጇን ሌላ ሰው ሲይዝላት ይህ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር።

ስንሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ ከተማ ድንጋይ ነው፣ እትዬ" አለ። "ምናልባት ልጄ ስትሞት አፈር ሊያለብሱ ይመጡ ይሆናል።"

ሴትየዋ የልጅቱን ፀጉር እየዳበሰች፣ "ባለቤቴ ሰባት ወር አልጋ ላይ መዋሉን ታስታውሳለህ?" አለች፣ "ድሮ በእኛ ደጅ ነበር የምታልፈው። ያኔ ግን በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረህ መሄድ ጀመርክ። ለምን ነበር?"

ስንሻው መሬት መሬት አየ። "እጅ አጥሮኝ ነበር። ባዶ እጄን ገብቼ ምን እላለሁ ብዬ አፈርኩ።"

"እኛ ግን የጠላኸን መስሎን ነበር። ባለቤቴ 'ስንሻውን ምን በድዬው ይሆን?' እንዳለ ነው የሞተው።"

ስንሻው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"ልወቅስህ አልመጣሁም" አለች እትዬ አመለወርቅ። "ያን በወፍጮ ቤቱ የሚዞረውን ሰው ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ክፉ ነበር?"

"አልነበረም" አለ እያለቀሰ። "አፍሮ ነበር እንጂ።"

"እነሱም እንዲሁ ናቸው። ሂድና ንገራቸው።"

በማግስቱ ስንሻው ፎቶግራፉንም ወረቀቱንም እቤት ትቶ ወጣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ በር ነው። ጋሽ ደምሴ ሲያየው የሚገባበት ጠፋው።

"ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ገንዘብ ልጠይቅዎት አልመጣሁም" አለ ስንሻው። "ልጄ ታማለች፤ መጥተው ይጠይቋት። ባዶ እጅዎን ይምጡ።"

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። "ደግሜ የምሰጥህ ስላጣሁ ነው የሸሸሁህ፣ ልጄ። ዓይንህን ማየት አቃተኝ።"

ስንሻው በየቤቱ እየዞረ ይህንኑ ተናገረ። በዚያው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ። በሳምንቱ መቀመጫ ጠበበ። አንዷ ሁለት እንቁላል ይዛ መጣች፤ ብዙዎቹ ምንም አልያዙም፤ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቻቸው አወሩ። ከተቀመጡት መካከል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በዋናው ከተማ ሕፃናትን በግማሽ ዋጋ የሚያክም የበጎ አድራጎት ሆስፒታል እንዳለ የነገራቸው እሱ ነው። አንዲት አስተማሪ ደብዳቤውን ጻፈች። ጋሽ ደምሴ ነገሩን ለእድሩ አቀረበ፤ እድሩም የቀረውን ግማሽ ከየአባሉ ጥቂት ጥቂት አዋጣ። ይህ ሁሉ መንገድ ከመጀመሪያውም በከተማው ውስጥ ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ያን ቤት ሸሽተው ነበር። እህል ነጋዴው እስከ መጨረሻው አልመጣም። እንዲህ ያለም ሰው አለ።

ትርሲት ዓመት ሳይሞላ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፤ ዳነችም። ዛሬ ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች። ውድነሽ ግን አሁንም አንዳንድ ጊዜ በአጥሩ በኩል ፈጠን ያለ እርምጃ ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ታቆማለች። "ልጄ ድናለች" ትላለች፣ "እነዚያ አራት ወራት ግን ከእኔ አልወጡም።"

ወዳጄ ሆይ፣ ከታመመ ሰው ቤት የሚያስቀረን ብዙ ጊዜ ጭካኔ አይደለም፤ የምንሰጠው ማጣታችን ነው። ውስጥ ሆኖ ለሚጠብቀው ሰው ግን ሁለቱ አይለዩም፤ እፍረታችን ጥላቻ መስሎ ይታየዋል። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ይስጥ። የሌለው ግን ራሱን አይከልክል፤ የቸገረው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ሰው ነውና።

ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብለህ ያለፍከው ቤት የማን ነው? ዛሬስ ማን አለ እዚያ?