ሣር የሸፈነው ጉድጓድ

በእኛ በኮምቦልቻ ችኩል ሰው ሲያጋጥም የምትነሳ አንዲት አባባል አለች። ከየት እንደመጣች ብዙው ሰው አያውቅም፤ እኔ ግን ስትወለድ ቆሜ አይቻለሁ።

ልጄ ትርሲት በአንድ የሴራሚክ ማከማቻ ጭነት የሚያነሳ ፎርክሊፍት ትነዳለች። ግቢው ተዳፋትና ጭቃ ነው። ሥራ በሄደች ቁጥር ፎርክሊፍቱ ተገልብጦ እሷ ከሥሩ ስትቀር ይታየኛል። በነሐሴ አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ስለወጣች ይዤላት ሄድኩ።

ደሴ ለመድረስ የቸኮለ ሹፌር ባዶ የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃታል። እሷ ከመጋዘኑ ደጃፍ ጭነቷን መሬት አስነካች፤ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና መሬቱን በተረከዟ እየመታች ወደ መኪናው ትራመድ ጀመር።

«እህት፣ መሬቱን ልትገዢው ነው?» አላት።

«ሳላይ አልገዛም።»

«ጭቃውን ተይውና በሣሩ ነይ። ሃያ እርምጃ ነው።»

እውነትም መሃል ላይ ያለው ሣር ለምለም ነው፤ እኔም ብሆን በዚያው ነበር የምሄደው። ትርሲት እዚያ ስትደርስ ግን ተረከዟ ሰመጠ።

«በጋ ላይ የተደፈነ ጉድጓድ ነው፤ አፈሩ ገና አልጠበቀም። በዳር ባለው ጠጠር ዞሬ እመጣለሁ።»

«ሲመሽ ልትደርሺ ነው? አለቃሽን ጥሪልኝ።»

ከሞት ብትተርፍ ከሥራ ልትባረር ነው አልኩ በሆዴ። «እሺ በይው ልጄ» ልል ስል የግቢው ጥበቃ ጋሽ ይመር ክንዴን ያዙኝ።

«ተያት እቴ፤ ሥራዋን ታውቃለች።»

ተመልሳ ፎርክሊፍቷ ላይ ወጣች። ጭነቱን ከመሬት ትንሽ ብቻ አንስታ በጠጠሩ ዞረች፤ ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ጭነቱን ወደ ዳገቱ አዙራ፣ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ፣ በኋላ ማርሽ ቀስ ብላ ወረደች። እኔ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መሃል አይ ነበር።

ሹፌሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «እኔው ልምጣልሽ» ብሎ በሣሩ ላይ ነዳ። የፊት ጎማው እስከ ወገቡ ገባ፤ መኪናው ተንጋዶ ቆመ። ሰውየው ፊቱ አመድ መስሎ በሌላው በር ወረደ።

«ባዶ መኪና እኮ ነው» ይላል ደጋግሞ።

ልጄ አልሳቀችበትም። አንድ ሴራሚክ ሳይሰነጠቅ ጭነቷን ጠጠሩ ላይ አሳርፋ፣ «ገመድ ይዘሃል?» ብቻ አለችው።

«እህቴ፣ እንዴት አወቅሽ?»

እሷ ገመድ ልትፈልግ ሄዳለች፤ የመለሱለት ጋሽ ይመር ነበሩ፦ «መሬትን በእግሩ የጠየቀ፣ ከነጭነቱ ዘለቀ።»