ቁርሱን በልቶ የመጣው አጥኚ

ከዚህ ከምነግራችሁ አንዲቷ ቃል ሐሰት ብትሆን የነገዋን ፀሐይ አልያት!

ዶክተር መንገሻ የሚባል፣ ከመኪናው ሲወርድ ቦርጩ ቀድሞት የሚደርስ ተመራማሪ ነበር። ረሃብ በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያጠና ወደ ቀበሌያችን መጣ። «ለደም ምርመራ ማንም እህል ሳይቀምስ በማለዳ ይምጣ፤ ተመርምሮ ለጨረሰ ዱቄት ይሰጠዋል» ብሎ አስለፈፈ።

ሰው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰለፈ። እሱ ግን ጢሙ በቅቤ ርሶ ከች ያለው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ያን ጊዜ የሕፃናቱ ሆድ ሲጮህ የወንዝ ማዶ ውሾች ይመልሱለት ነበር።

ገና ከመድረሱ አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ቆሎ ሲያቀምሱ ያዛቸው።

«አንቺ! ጥናቴን አበላሸሽው! ልጁን ይዘሽ ውጪ፤ ዱቄት የለም!»

«ኧረ ጌታዬ፣ የሚያጠኑት ስለ ረሃብ አይደል እንዴ?»

«አንቺ ስለ ጥናት ምን ታውቂና! እስቲ ውጤቱን ንገሪኝ፤ ካወቅሽው ዱቄቱን እጥፍ አድርጌ እሰጥሻለሁ» አለ እየሳቀባቸው።

አሮጊቷ ጢሙን አየት አደረጉና፣ «ይኼማ ቀላል ነው» አሉት። «ሕፃን ሲርበው ያለቅሳል፤ ሽማግሌ ሲርበው ይፈዛል፤ ተመራማሪ ሲርበው ደግሞ ያረፍዳል።»

ከሳቁ ብዛት የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ተነቅሎ ወንዝ ማዶ ወደቀ። ዶክተሩም አፍሮ ዱቄቱን እጥፍ አድርጎ ሰጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ በባዶ ሆዱ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣ ጀመር።

መቼም አይዋሽም፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ፦ ጢሙ ላይ የነበረው ቅቤ አይደለም፤ እንቁላል ነው።