ዋርካው ላይ ያልተቸነከረው ማስታወቂያ

የወረዳው ገዥ ግራዝማች አሰጋኸኝ «ዛፍ አትቁረጡ» የሚል ማስታወቂያ በሺህ በሚቆጠር ወረቀት አሳትመው፣ በየደጃፉ ባለው ዛፍ ሁሉ ላይ እንዲቸነከር አዘዙ። አንዲት ምላሷ የሰላ ጠላ ሻጭ ግን ደጇ ያለውን ዋርካ ባዶውን ተወችው። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ዘበኛ አስከትለው መጡ።

«ትእዛዜን ለምን ናቅሽ? በቂ ምክንያት ከሌለሽ ዛሬውኑ እስር ቤት ትገቢያለሽ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ ለመሆኑ ወረቀት ከምን ይሠራል?»

«ከዛፍ ነዋ! ይህን እንኳ አታውቂም?»

ሴትዮዋ የዋርካውን ግንድ መታ መታ አደረገችና፣ «እንግዲያው የወንድሙን ሬሳ ደረቱ ላይ ቸንክሬ፣ ‹አይዞህ፣ አንተን ማንም አይነካህም› ብዬ ብነግረው ያምነኛል?» አለች።

ግራዝማች ዋርካውን ሽቅብ አዩት። ከዚያ ተጨማሪ ማስታወቂያ እንዳይታተም አዘው ሄዱ።